የደዋዩ ቁጥር ከየት መጥቶ ነው የቢሮ ስልካችን ላይ የሚታየው? እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። የቢሮ ስልክ ሲስተም እየተማርኩ ነው፣ ያገኘሁትን እዚህ ላካፍላችሁ። የዛሬው ስለ ኮለር አይዲ፣ ማለትም ስልኩ ላይ ስለሚታየው የደዋይ ቁጥርና ስም ብቻ ነው። ፒቢኤክስ (የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጪ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ሲስተም) ስንተክል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናየው ድምፁን ነው። ጥሪ ገባ፣ ወጣ፣ ድምፁ ጥርት አለ፣ በቃ አለቀ እንላለን። ስልክ የሚያነሱት ሰዎች ግን በማግስቱ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ማን እንደደወለ ለምን አይታየንም?» እውነታቸውን ነው። ደንበኛ ደውሎ ሳይነሳለት ቀርቶ ቁጥሩ ከሌለ መልሶ የሚደውልለት የለም፣ እሱም ሌላ ዘንድ ይሄዳል።

ስልኩ ራሱ ማን እንደደወለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያሳየን ከእሱ በፊት ያለው መሣሪያ የነገረውን ነው። ያ መሣሪያም ከፊቱ ካለው የተቀበለውን ነው የሚያቀብለው። ስለዚህ ቁጥር ሲጠፋ እኔ አሁን የምፈልገው የጠፋበትን ቦታ ነው። ኔትወርኩ አልላከውም? ጌትዌዩ (የውጪውን መስመር ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) አላነበበውም? ሰርቨሩ (ፒቢኤክሱ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ጣለው? ወይስ ስልኩ ደርሶት አላሳየውም? አራቱም የተለያየ መፍትሔ አላቸው።

ከተራው የመዳብ መስመር ልጀምር፣ ብዙ ቢሮ አሁንም በእሱ ስለሚሠራ። በዚህ መስመር ላይ ቁጥሩ የሚመጣው በድምፅ መልክ ነው። በአሜሪካው ቤል አሠራር መስመሩ መጀመሪያ አንዴ ይጮሃል። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ጩኸት ባለው የ4 ሰከንድ ዝምታ ውስጥ የስልክ ድርጅቱ ማዕከል በሰከንድ 1200 ቢት የሆነ አጭር መልእክት ይልካል። 1 የሆነው ቢት በ1200 ኸርዝ ድምፅ፣ 0 የሆነው በ2200 ኸርዝ ድምፅ ይሄዳል። መልእክቱ ውስጥ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ አንዳንዴም ስም አለ። በአውሮፓው ቪ23 በሚባለው አሠራር ደግሞ ድምፆቹ 1300 እና 2100 ኸርዝ ናቸው። እንደ ስዊድንና ዴንማርክ ያሉት የስልክ ቁልፍ ስንጫን የምንሰማውን የዲቲኤምኤፍ ድምፅ ተጠቅመው ከመጀመሪያው ጩኸት በፊት ይልኩታል። እንግሊዝ ውስጥም ከጩኸቱ በፊት ነው፣ ግን መጀመሪያ የመስመሩ ፖላሪቲ (የሁለቱ ሽቦዎች ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) ይገለበጣል፤ መሣሪያው በዚያ ነቅቶ ማዳመጥ ይጀምራል።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የጌትዌዩን ሴቲንግ ስትከፍቱ «የኮለር አይዲ ዓይነት» የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ቤል፣ ቪ23፣ ዲቲኤምኤፍ እያለ ይደረድራል። መስመሩ አንዱን እየላከ ጌትዌዩ ሌላውን ከጠበቀ ጥሪው በደንብ ይገባል፣ ቁጥሩ ግን የለም። ሌላው «ስንት ጊዜ ከጮኸ በኋላ ይነሳ» የሚለው ነው። ጌትዌዩ በመጀመሪያው ጩኸት ላይ ወዲያው ካነሳው ቁጥሩ የሚላክበት ዝምታ ጭራሽ አይመጣም። ብዙ ሰው ጥሪ ቶሎ እንዲገባ ብሎ ይሄን ወደ አንድ ያወርደዋል፤ ሁለት ላይ መተው ይሻላል። ደዋዩ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ እኛ ቁጥሩን እናገኛለን።

መልእክቱ የሚላከው አንዴ ብቻ መሆኑም ልብ ይባል። መጨረሻው ላይ መፈተሻ ቁጥር አለው። በመስመሩ ላይ ጫጫታ ኖሮ ያ ካልገጠመ መሣሪያው መልእክቱን ይጥለዋል፣ ድገምልኝ የሚልበት መንገድ የለውም። ክረምት ላይ እርጥበት የገባበት መስመር ለወሬ እየበቃ ቁጥሩን አንዴ አምጥቶ አንዴ የሚያስቀረው ለዚህ ነው። እንዲህ አይነት ነገር ስታዩ ሰርቨሩን ከመነካካታችሁ በፊት ስክሪን ያለው ተራ ስልክ ፈልጉና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው መስመር ጋር አገናኙት። እዚያ ላይ ቁጥር ከታየ ችግሩ ከጌትዌዩ ጀምሮ ወዲህ ነው። ካልታየ አገልግሎቱ መስመሩ ላይ መከፈቱን ጠይቁ፣ ወይ ሽቦው ይታይ። በጣም ርካሽ ፍተሻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያድናል።

ፒአርአይ የሚባለው ዲጂታል መስመር ያላቸው ቢሮዎች ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። በአንድ ኢ1 (ፒአርአይ የሚመጣበት ማስተላለፊያ መስመር) ላይ 30 የንግግር ቻናል አለ፣ ለመልእክት ብቻ የተለየ አንድ ቻናል ደግሞ ለብቻው አለ። የደዋዩ ቁጥር ስልኩ ከመጮሁ በፊት በዚያ ቻናል በጽሑፍ ይደርሳል። አብረውት ሁለት መረጃዎች ይመጣሉ። አንዱ ቁጥሩ ይታይ ወይስ ይደበቅ የሚለው ነው። ሰው ቁጥሩን ደብቆ ሲደውል ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በኔትወርኩ ውስጥ አብሮ ይጓዛል፣ «አታሳዩ» የሚል ምልክት ብቻ ይያያዝበታል። መጨረሻ ላይ ያለው ማዕከል ነው የሚያስቀረው።

ሁለተኛው መረጃ የቁጥሩ ዓይነት ነው፤ የአገር ውስጥ ነው ወይስ ዓለም አቀፍ? እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምናየውን አንድ ነገር ይፈታል። «የአገር ውስጥ» ተብሎ የተላከ ቁጥር መጀመሪያው ላይ ዜሮ የለውም። ዜሮዋ የቁጥሩ አካል ስላልሆነች ነው፤ እኛ ስንደውል የምንጨምራት ናት። ስለዚህ 09 ብሎ መጀመር የነበረበት ሞባይል ስክሪኑ ላይ በ9 ይጀምራል፣ የሳፋሪኮሙ በ7፣ የአዲስ አበባው መደበኛ ስልክ በ11። ሌላ መስመር ደግሞ ያንኑ ቁጥር በ251 ያመጣዋል፣ ሌላው የመደመር ምልክት ጨምሮ ያመጣዋል። አንድ ደንበኛ ሦስት አራት መልክ ያዘ ማለት ነው። ስልክ ማውጫው ውስጥ ስሙ ቢኖርም አይገኝም፣ ሪፖርት ላይም የተለያየ ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

መልሶ መደወሉ ላይ የባሰ ነው። ውጪ ለመደወል መጀመሪያ 9 የሚጫንበት ቢሮ እንበል። ሠራተኛዋ ከሚስኮል ዝርዝር ውስጥ በ911 የሚጀምረውን ቁጥር ነክታ ትደውላለች። ሲስተሙ የመጀመሪያዋን 9 የውጪ መስመር መጠየቂያ ናት ብሎ ያነሳትና በ11 የሚጀምር ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ይደውላል። የትም አይደርስም። እሷም «ስልኩ አይሠራም» ትላለች፣ ትክክል ናት።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ጥሪው እንደገባ፣ ወደ ማንም ከመሄዱ በፊት፣ ቁጥሩ በአንድ ቦታ ይስተካከላል። የመደመር ምልክት ካለው ይነሳል፣ ሁለት ዜሮና 251 ወይም 251 ብቻ ካለው ይቆረጣል፣ የቀረው 9 አሃዝ ከሆነ ፊቱ ላይ 0 ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ማውጫውም ሪፖርቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ ያያሉ። ወደ ጠረጴዛ ስልኮቹ ሲሄድ ብቻ የውጪ መስመር መጠየቂያዋ 9 ትጨመራለች፣ ሚስኮሉን ነክቶ መደወል እንዲቻል። ቢቻል ግን ያቺን 9 ከነጭራሹ ማስቀረት ይመረጣል። ኤክስቴንሽኖቹ (የቢሮው የውስጥ ቁጥሮች) በ0 የማይጀምሩ ከሆነ ሲስተሙ በ0 የሚጀምረውን ሁሉ ውጪ ነው ብሎ መለየት ይችላል።

አሁን ወደ ሲፕ፣ ማለትም በኢንተርኔት ዓይነት መረብ ላይ ጥሪ ወደሚያገናኘው አሠራር። ሲፕ ላይ ለሚማር ሰው ትልቁ ደስታ ሁሉም ነገር የሚነበብ ጽሑፍ መሆኑ ነው። አስተሪስክ (እንደ ፒቢኤክስ የሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ የሲፕ ሎግ ክፈቱና ወደ ራሳችሁ ደውሉ፤ የሚመጣውን ጥሪ ማስጀመሪያ የኢንቫይት መልእክት መስመር በመስመር አንብቡት። (አስተሪስክን በነፃ የምናገኘው ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በፈረንጆቹ 1999 ለራሱ ትንሽ ኩባንያ የስልክ ሲስተም መግዣ አጥቶ ራሱ ስለጻፈው ነው። ይሄን ሳስብ እኛም መማር የምንችለው ነገር መሆኑ ይታየኛል።) መልእክቱ ውስጥ «ፍሮም» የሚል መስመር አለ፣ ስምና ቁጥር የያዘ። ችግሩ፣ እሱን የሚጽፈው ላኪው ራሱ ነው፣ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2002 ሌላ የጽሑፍ መስመር ተጨመረ፣ «ፒ አሰርትድ አይደንቲቲ» ይባላል። ይሄንን የሚጽፈው ደዋዩን ያረጋገጠው ኔትወርክ ነው። ደዋዩ ቁጥሩን ከደበቀ ፍሮም ላይ «አኖኒመስ» ተብሎ ይጻፋል፣ እውነተኛው ቁጥር በሁለተኛው መስመር ውስጥ «ይደበቅ» ከሚል ትእዛዝ ጋር ይጓዛል።

አስተሪስክ በነባሪው ሁለተኛውን መስመር አያምንም። ከኦፕሬተራችሁ (ከስልክ ድርጅታችሁ) ትራንክ፣ ማለትም ሲስተማችሁን ከእሱ ጋር ከሚያገናኘው የሲፕ መስመር የሚመጣውን እመን ብላችሁ መፍቀድ አለባችሁ። ፍሮም ላይ የድርጅቱን የትራንክ መለያ ብቻ ጽፎ ትክክለኛውን የደዋይ ቁጥር በሁለተኛው መስመር የሚልክ ትራንክ ከገጠማችሁ፣ ያለዚህ ፈቃድ ሁሉም ጥሪ ከአንድ ቁጥር የመጣ ይመስላል። ፈቃዱን ግን ለኦፕሬተራችሁ ትራንክ ብቻ ስጡ፣ ለሁሉም አትክፈቱት።

ስሙስ? ብዙ ሰው ስም ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል፣ ትሩኮለር ስላስለመደን። ትሩኮለር ስሙን የሚያመጣው በኢንተርኔት ከራሱ የመረጃ ቋት ነው፣ ከጥሪው ውስጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ብዙ ጊዜ ስሙን ፈልጎ የሚያሳየው የተቀባዩ የስልክ ድርጅት ነው፣ እሱም ከ15 ፊደል አይበልጥም። ቢሮ ውስጥ ያለን ምርጡ መንገድ የራሳችን ማውጫ ነው። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ሲስተሙ ማውጫውን አይቶ ስሙን ይለጥፍበታል። ስሙን በፊደላችን መጻፍም ይቻላል፣ ሲፕ ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የየቋንቋውን ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ ስለሚቀበል መልእክቱ ሳይበላሽ ይደርሳል። ስልኩ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ብዙ ስም ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ስልክ ላይ ሞክሩት።

ከስም ሌላ በጣም የጠቀመን ነገር ከስሙ ፊት ምልክት ማስገባት ነው። ሽያጭን ፈልጎ የገባው ጥሪ ስክሪኑ ላይ «ሽያጭ»፣ የጥገናው «ጥገና» የሚል እያሳየ ይጮሃል። የምታነሳዋ ሠራተኛ ምን ብላ እንደምትጀምር ከማንሳቷ በፊት ታውቃለች። ከዚህ ሁሉ ሥራ ሠራተኞቹ ያመሰገኑኝ በዚች ነው።

ትራንስፈር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኦፕሬተሯ (የቢሮውን ጥሪ ተቀብላ የምታስተላልፈው ሠራተኛ) መጀመሪያ ከሒሳብ ክፍል ጋር አውርታ ደንበኛውን ስታስተላልፍ፣ ሒሳብ ክፍል መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ቁጥር ነው፣ ያነጋገረችው እሷ ስለሆነች። ማስተላለፉ ሲያልቅ ስክሪኑ ወደ ደንበኛው ቁጥር መቀየር አለበት። አስተሪስክ ይሄን ከ1.8 ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ይችላል፣ ስልኩም መደገፍ አለበት። ሳታወራ በቀጥታ ካስተላለፈች ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የደንበኛው ቁጥር ይታያል።

ወደ ውጪ ስንደውል የሚታየው ቁጥር የእኛ ውሳኔ ብቻ አይደለም። በመዳብ መስመር ከወጣን የመስመሩ ቁጥር ነው የሚታየው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ወደ አለቃ ሞባይል ፎርዋርድ የተደረገ ጥሪ የቢሮውን ቁጥር የሚያሳየውም ለዚህ ነው። በፒአርአይ ወይም በሲፕ ከወጣን እኛ ቁጥር መላክ እንችላለን። ኦፕሬተሩ ግን የእኛ ያልሆነውን በዋናው ቁጥር ሊተካው ወይም ጥሪውን ሊመልሰው ይችላል። ቢያደርግም ጥሩ ነው።

ምክንያቱም ገደብ የሌለው ትራንክ ያገኘ ሰው የማንንም ቁጥር አስመስሎ መደወል ይችላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከመንግሥት ቢሮ የመጣ በሚመስል ቁጥር እየተደወለላቸው የሚቸገሩት በዚህ ነው። እዚያ ከሰኔ 30 ቀን 2021 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች በአይፒ መረባቸው ላይ ጥሪዎችን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ ግዴታ ሆኗል፣ ስተር ሼክን ይባላል። ደዋዩንም ቁጥሩንም ካወቁ ኤ፣ ደዋዩን ብቻ ካወቁ ቢ፣ ጥሪውን ተቀብለው ከማሳለፍ በቀር ምንም ካላወቁ ሲ ብለው ይፈርማሉ።

እኛ ቢሮ የገንዘብ ክፍሉን የነገርኳቸው ቀላል ነው። የሥራ አስኪያጁ ቁጥር ስለታየ ብቻ ገንዘብ አይተላለፍም፤ ስልኩን ዘግታችሁ ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ። ሲስተሙ ላይም ያው ነው። የታወቀ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ያለ ፒን ቮይስሜይል የሚከፍት ወይም ከውጪ ደውሎ በቢሮው መስመር ወደ ውጪ የሚያስደውል ሴቲንግ ካለ አጥፉት።

ቀጥሎ የምሠራው የሚስኮል ዝርዝሩን ከደንበኞች መዝገብ ጋር ማገናኘት ነው፣ ማን እንደደወለና ማን መልሶ እንደደወለለት አብሮ እንዲታይ። ከመዳብ መስመር ጌትዌይ ጋር ስትሠሩ የትኛው የኮለር አይዲ ዓይነት እንደሠራላችሁ፣ በየትኛው ከተማ እንደሆነ ጭምር ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ ለሁላችንም አጋራዋለሁ።