ከአፕግሬድ በኋላ ቀጥ የምትለው ላፕቶፕ

ላፕቶፗ ወደ እኔ የተመለሰችው አፕግሬድ ባደረግኋት በሦስተኛው ቀን ነበር። የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን አቅፈው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧትና፣ «ወንድሜ፣ ይህች ዕቃ ስታክ እያደረገች ሥራ አላሠራ አለችኝ፤ ማውሱ ይሄዳል፣ ሌላው ግን አይሰማም» አሉኝ። እኔም «ግድ የለም፣ አያታለሁ» ብዬ ተቀበልኋቸው። የብልሽቱ ግማሽ መልስ «ማውሱ ይሄዳል፣ ሌላው ግን አይሰማም» በምትለው አጭር ንግግር ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ድካም በኋላ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስለነበረ፣ ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፖች ወደ ዊንዶውስ 11 የማሻገሩ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። እያንዳንዷን ላፕቶፕ ከማሻሻሌ በፊት መስፈርቱን ታሟላ እንደሆነ በመፈተሻው ፕሮግራም አይ ነበር። ፕሮግራሙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት የተባለው የአነሣሥ ጥበቃ እና ተቀባይነት ያለው ፕሮሰሰር መኖሩን ተመልክቶ አረንጓዴ ምልክት ይሰጣል። የእሳቸው ላፕቶፕ ሁሉንም አልፋለች። ይሁን እንጂ ይህ ፍተሻ የዲስኩን መጠን ያያል እንጂ፣ ዲስኩ ራሱ የሚመራበት፣ በውስጡ የተቀመጠው ፕሮግራም (ፈርምዌር) ምን ያህል ያረጀ እንደሆነ አያይም፤ እኔም አላየሁም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኢቨንት ቪውወርን፣ ማለትም ዊንዶውስ በኮምፒውተሩ ላይ የሚደርሱትን ነገሮች የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፍቶ ማየት ሆነ። መዝገቡ ብዙ ሺህ መስመር ስለነበረው፣ እንደ ልማዴ «ክሪቲካል» (እጅግ አሳሳቢ) እና «ኤረር» (ስሕተት) የሚሉትን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አጣርቼ አስወጣሁ። ከቀረው ውስጥ ጎልቶ የታየኝ ከርነል ፓወር በሚል ስም የሚመዘገበው ቁጥር 41 ነበር። ስሙ «ፓወር» ስላለ ብቻ ነገሩ የኃይል ችግር ነው ብዬ ደምድሜ ቻርጀሯን ቀየርሁላቸው። ቁጥር 41 ግን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደገና መነሣቱን። የሚመዘገበውም ችግሩ በደረሰበት ሰዓት ሳይሆን ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ ነው። ባልደረባችን ላፕቶፗ ቀጥ ስትልባቸው አንዳንዴ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው ያጠፏት ስለነበረ፣ ያየሁት እያንዳንዱ 41 የእሳቸውን ጣት እንጂ የብልሽቱን ምንጭ አያሳይም ነበር። ውጤቱን ምክንያት አድርጌ አነበብሁት።

ቻርጀሩ መፍትሔ እንዳልሆነ በማግስቱ ሲታወቅ፣ ላፕቶፗን እንደገና ወስጄ ብዙ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ነካካሁ። የግራፊክስ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አውጥቼ አዲስ ጫንሁ። ራሙን ፈተሽሁ፤ አለፈ። የዲስኩን የጤና መረጃ አየሁ፤ ደህና ነው ይላል። ቫይረስ ፈለግሁ፤ የለም። ዊንዶውስ ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ፕሮግራሞች ቀነስሁ። ዲስኩም ጠበብ ብሎ ስላየሁት፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ የቀድሞው ዊንዶውስ የተቀመጠበትን ፎልደር ሰረዝሁ።

ይህ የመጨረሻው ድርጊቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ዊንዶውስ ከአፕግሬድ በኋላ ያንን ፎልደር ለ10 ቀናት የሚያቆየው ተጠቃሚው ሳይስማማው ቢቀር ፋይሎቹን ሳያጣ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ብሎ ነው። እኛ ገና በአምስተኛው ቀን ላይ ነበርን። ምክንያቱ ባልታወቀ ብልሽት መካከል ሆኜ፣ ለጥቂት ጊጋባይት ስል የመመለሻውን በር በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሌላም ጥፋት ነበረ፤ ያን ያህል ነገር በአንድ ጊዜ ስለነካሁ፣ ላፕቶፗ ቢሻላት እንኳ የትኛው እንዳሻላት ለይቼ መናገር አልችልም ነበር።

ሌሊቱን ደግሞ ትላልቅ ፋይሎችን እየገለበጠች፣ ቪዲዮ እያጫወተች፣ ፕሮሰሰሯም በሙሉ አቅሙ እየሠራ እንድታድር አደረግሁ። ጠዋት ስገባ አንዲት ሰከንድ ሳትቆም አድራ አገኘኋት። ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል ብዬ፣ «ድናለች፣ ይሥሩባት» ብዬ መለስሁላቸው።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። የወሩን ሒሳብ የሚዘጉበት ሳምንት ስለነበረ ከፊታቸው ድካም ይነበባል፤ ነገር ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ግማሽ ቀን የሠራሁት ማመሳከሪያ ሳላስቀምጠው ጠፋብኝ። እባክህ ወደ ድሮዋ መልስልኝና ወሩን ልዝጋባት» አሉኝ። መመለሻው እንደሌለ፣ የሰረዝሁትም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና ከደብተራቸው መካከል አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥተው፣ «እንግዲያውስ ይህቺ ትጠቅምህ እንደሆነ እያት» ብለው ሰጡኝ።

ወረቀቷ ባለ መስመር ናት፤ በማስመሪያ በአራት ዓምድ ተከፍላለች። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እየሠራሁ ነበር፣ ቻርጀር ላይ ወይስ ባትሪ ላይ ይላሉ ዓምዶቹ። በውስጧ 11 መዝገቦች አሉ፤ ሰዓቶቹም በደቂቃ ሳይቀር ተጽፈዋል። ደቂቃውን እንዲህ በትክክል እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው፣ «ላፕቶፗ ስትቆም በጥግ ያለው ሰዓትም አብሮ ይቆማል፤ እሱን አይቼ እገለብጣለሁ» አሉኝ። ይህን የመሰለ ማስረጃ በእጃቸው እያለ ለምን ቀደም ብለው እንዳላሳዩኝ ስጠይቅ የሰጡኝ መልስ አጭር ነበር፤ «አልጠየቅኸኝማ።»

ሦስተኛውን ዓምድ ደጋግሜ አነበብሁት። «ስልክ አናግሬ ስመለስ።» «ደረሰኝ ስቆጥር ቆይቼ።» «ስብሰባ ላይ ሳዳምጥ ቆይቼ ማስታወሻ ልጽፍ ስል።» ከ11ዱ በአንዱ እንኳ «እየጻፍሁ ሳለሁ» የሚል አልነበረም። ከ11ዱ ደግሞ 9ኙ በባትሪ ላይ ነበሩ። ላፕቶፗ የምትደርቀው ሥራ ሲበዛባት ሳይሆን ሥራ ስትፈታ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ሳላስፈታት፣ ያውም ከቻርጀር ሳልነቅላት ነበር የፈተንኋት። ጥንካሬዋን ፈተንሁ ብዬ ያደረግሁት ነገር፣ ብልሽቱ ሊታይ የሚችልበትን ሁኔታ በሙሉ አስወግዶት ነበር።

ሌላ ላፕቶፕ አውሻቸው ወሩን እንዲዘጉ ካደረግሁ በኋላ፣ ወረቀቷን ከጎኔ ዘርግቼ ኢቨንት ቪውወርን እንደገና ከፈትሁ። በዚህ ጊዜ ማጣሪያውን አነሣሁት። ወረቀቷ ላይ ከተጻፈው የመጀመሪያ ሰዓት አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ፣ በቢጫ ምልክት «ዋርኒንግ» (ማስጠንቀቂያ) ተብሎ የተመዘገበ ቁጥር 129 አገኘሁ። ትርጉሙ ከዲስኩ መልስ ስለታጣ ግንኙነቱ ሪሴት ተደረገ፣ ማለትም እንደ አዲስ ተጀመረ ማለት ነው። ወደ ሁለተኛው ሰዓት ሄድሁ፤ 129። ወደ ሦስተኛው፤ 129። ደረጃው ማስጠንቀቂያ እንጂ ስሕተት ስላልሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ራሴ ባበጀሁት ማጣሪያ ከዓይኔ ሰውሬው ኖሯል።

ከ11ዱ በ7ቱ ላይ 129 ተገኘ፤ በ4ቱ ግን አልተገኘም። ይህ ልዩነት ጥቂት አስጨነቀኝና ደውዬ ጠየቅኋቸው። አራቱ ጊዜያት ትዕግሥታቸው አልቆ በቁልፍ ያጠፉባቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ መዝገቡ የሚጻፈው በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ዲስኩ ደርቆ ሳለ የዲስኩን መድረቅ መጻፍ አይቻልም። ታግሠው በጠበቁ ጊዜ ዲስኩ ነቅቶ ማስታወሻው ተጽፏል፤ ሳይጠብቁ ባጠፉ ጊዜ ግን ማስታወሻው አብሮ ጠፍቶ 41 ብቻ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ይዤ የሄድሁት ምንም የማይናገሩትን አራቱን ነበር።

ከዚህ በኋላ ብልሽቱን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ቻርጀሩን ነቀልሁ፤ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍቼ የዲስኩን ገጽ እንዲያሳይ አደረግሁ፤ እጄን ከኪቦርዱ አንሥቼ ተቀመጥሁ። በየጥቂት ደቂቃው አንድ ፎልደር እከፍትና መልሼ ዝም እላለሁ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ አንዱን ፎልደር ስነካ አልከፈት አለ። የማውሱ ቀስት ግን እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል። ካፕስ ሎክን ስጫን መብራቱ በራ፤ ደግሜ ስጫን ጠፋ፤ ስለዚህ ሲስተሙ አልሞተም፣ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። የዲስኩ መብራት ሳያብለጨልጭ በርቶ ቀርቷል። ከመድረቁ በፊት የመጨረሻ የታየው የታስክ ማናጀር ቁጥር ዲስኩ መቶ በመቶ ሥራ ላይ እንደሆነ ይናገራል፤ የሚነበበውና የሚጻፈው መጠን ግን ዜሮ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተለቀቀና ፎልደሩ ተከፈተ። ብልሽት አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲስኩ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ሲፈታ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ያለው መገናኛ ወደ እንቅልፍ ይገባል፤ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ሰው ልብ ሊለው በማይችልበት ፍጥነት መንቃት አለበት። የዚህ ዲስክ አሮጌ ፈርምዌር አልፎ አልፎ መንቃት ይሳነዋል። ሲስተሙ መልስ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ሲያጣ መገናኛውን ሪሴት ያደርጋል፤ 129 ያን ጊዜ ይመዘገባል። ማውሱን ለማንቀሳቀስ ከዲስክ የሚነበብ ነገር ስለማያስፈልግ ቀስቱ ይሄዳል፤ ዲስክ የሚፈልግ ነገር ሁሉ ግን ወረፋ ይዞ ይቆማል። ከአፕግሬዱ በፊት ችግሩ ያልታየው፣ በላፕቶፗ ላይ አስቀድሞ ተጭኖ የነበረው የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ይህን ቁጠባ ስለማይጠቀምበት ነው። አፕግሬዱ በቦታው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ድራይቨር ተካ፤ እሱ ደግሞ ቁጠባውን በተለይ በባትሪ ላይ አጥብቆ ይጠቀምበታል። የዲስኩ ድክመት ድሮም ነበረ፤ አዲሱ ድራይቨር አስነሣው እንጂ አልፈጠረውም።

በክፍላችን ከጅምሩ «ፎርማት አድርጋትና ተገላገል» የሚል ምክር ሲሰጠኝ ነበር። ይህን ምክር እኔም ለሌሎች ስሰጥ ስለኖርሁ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም ነበር። ፎርማት ተደርጋ ዊንዶውስ 11 በንጹሕ ቢጫን፣ ያው ድራይቨር ከያው ፈርምዌር ጋር ይገናኝና፣ ባልደረባችን ፕሮግራሞቻቸውን ሁሉ እንደገና አስጭነው በማግስቱ ያው ቦታ ላይ ይቆሙ ነበር።

በዚህ ጊዜ የነካሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በፓወር ሴቲንግ ውስጥ በተለምዶ ተሰውሮ የሚቀመጠውን የዲስክ መገናኛ ቁጠባ አውጥቼ፣ መገናኛው እንዳይተኛ «አክቲቭ» በሚለው ላይ አደረግሁት። ሁለት ቀን ሙሉ በባትሪም በቻርጀርም ሥራ ፈትታ እንድትውል ተውኋት፤ አንድም 129 አልተመዘገበም። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ብዙ ባለሙያም የሚያቆመው እዚያ ነው። ግን የባልደረባችን ሥራ ከስብሰባ ስብሰባ በባትሪ ስለሆነ ቁጠባውን ለዘለቄታው ልነፍጋቸው አልፈለግሁም። ፋይሎቹን በሙሉ በሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ አድርጌ፣ ቻርጀሩን ሰክቼ፣ የዲስኩ አምራች ባወጣው ፕሮግራም ፈርምዌሩን አፕዴት አደረግሁ። ከዚያ ቁጠባውን ወደ ነበረበት መልሼ እንደገና ሥራ ፈትታ እንድትቀመጥ አደረግሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት በየጠዋቱ መዝገቡን አየሁ፤ 129 የለም።

አፕግሬድ ያልተደረጉ ስድስት ላፕቶፖች ይቀሩኝ ስለነበረ፣ ከመንካቴ በፊት የየአንዳንዳቸውን ዲስክ ዓይነትና ፈርምዌር መዘገብሁ። ሁለቱ ያንኑ ዲስክ ከያው አሮጌ ፈርምዌር ጋር ይዘው ተገኙ፤ እነሱን አስቀድሜ አስተካክዬ ነው ወደ ዊንዶውስ 11 ያሻገርኋቸው። የቀድሞው ዊንዶውስ ያለበትንም ፎልደር 10 ቀኑ እስኪሞላ ድረስ በማንም ላፕቶፕ ላይ አልነካም።

የብልሽት ማስታወቂያ ቅጻችን «የችግሩ መግለጫ» ከምትል አንዲት ባዶ መስመር በቀር ምንም አልነበረውም። የወረቀቷን አራት ዓምዶች እንዳሉ ገልብጬ አዲስ ቅጽ አዘጋጀሁና፣ ከማሳተሜ በፊት ላፕቶፗን ስመልስላቸው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ እስክሪብቶ ጠይቀውኝ በቀኝ ጠርዝ አምስተኛ ዓምድ አሰመሩና በላዩ ላይ «ጠበቅሁ ወይስ አጠፋሁ?» ብለው ጻፉበት።