አሮጌውን ሸጬ አዲሱን ገዛሁ፤ ሁለቱም ስህተት ነበር

ከገዛሁበት ቀን በፊት አንድ ሰው ብቻ «ከረጢቱን ለክተሃል?» ቢለኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ማንም አላለኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ያውም እኔ፣ ሰው ቤት ስገባ ከቡናው በፊት ምንጣፉን የማይ፣ ስለ ቫኪዩም ክሊነር ወሬ ከተነሳ ምሳዬን የምረሳ ሰው።

አዎ፣ ቫኪዩም እወዳለሁ። ሳቁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብትኖሩ ግን አትስቁም። የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ ሰፈራችን አጠገብ በነበረ ጊዜ ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ማታ ስሜን በጣቴ እጽፍ ነበር። መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንስቶ ሶፋ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በቃ። ቫኪዩም ግን ይዞት ይቀራል።

አሮጌው ማሽኔ ጥቁር ነበር፣ ጀርመን ሠራሽ፣ የሳበውን አቧራ የሚያጠራቅምበት ከረጢት የሚገባለት። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ስለሆነ። 11 ዓመት አብረን ኖረናል። አንድ ቀን አስቀይሞኝ አያውቅም። ታዲያ ለምን ሸጥከው ትሉኛላችሁ። እሱን ነው ለራሴም የማልመልሰው።

ነገሩ የጀመረው ካፌ ነው። አራት ነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ጀርባ ማኪያቶ ይዘን የምንቀመጥ፣ ሌላው ስለ አርሰናል ሲያወራ እኛ ስለ አቧራ የምናወራ። አንዱ ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። አንዱ ኤሌክትሪሺያን ነው። አንዷ ደግሞ ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም በላይ ማሽን የምታውቀው እሷ ናት፣ እኛ ስናወራበት እሷ ቀኑን ሙሉ ትጎትተዋለቻ።

አዲሱ ሞዴል ወጣ ሲባል የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ፎቶ ላከችልኝና ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ዞረ። ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል። በእግር የሚረገጠው ማብሪያ ሰፋ ብሏል። ገመዱ ትንሽ ረዝሟል። የመጥረጊያው ራስ ጎማዎች ለስለስ ብለዋል። የከረጢቱ ክዳን አዘጋግ ተቀይሯል። አለቀ። ሞተሩ ያው፣ ቱቦው ያው።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ያው ሰውዬ ነው፤ ኮቱን አስገልብጦ ነው የመጣው» አሉ። እሳቸው የሚምሉት በሄንሪ ነው። ሄንሪ እንግሊዝ አገር ቻርድ በምትባል ከተማ የሚሠራ፣ ዓይንና ፈገግታ የተሳለበት፣ ቱቦው ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ የሚወጣ ቀይ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የወጣው፣ ፈገግታው እስከ ዛሬ አለ። «የሚሠራ ነገር አይነካም» ይላሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ዋቱን አይቶ ተናደደ። አሮጌው 2000 ዋት፣ አዲሱ 900 እንኳ አይሞላም፤ «ታዲያ ምኑን ነው የሚስበው?» አለ። እዚህ ላይ ተጣላን። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1600 ዋት በላይ፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሆነ ቫኪዩም ገበያ እንዳይገባ አግዷል። ዋት ማሽኑ የሚበላውን ነው የሚነግራችሁ፣ የሚስበውን አይደለም። ጉሮሮው ሰፊ የሆነ ሰው ሁሉ ጎበዝ ሠራተኛ አይደለም። ሱቅ ገብታችሁ «2400 ዋት ነው ወንድሜ» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ ውጡ። ይሄን ዛሬም እላለሁ።

እህታችን ግን ፎቶውን አጉልታ አይታ «ማብሪያው ከሰፋ ለኔ ይበቃኛል፤ በቀን ስንቴ እንደማጎነብስ ታውቃላችሁ?» አለች። እኔም እሱን ሰማሁና ወሰንኩ። እኔ በሳምንት ሁለቴ ነው የማጎነብሰው።

የተቀረው ቀላል ነበር። ብር አጠራቀምኩ። የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ ካርቶኑን ጥላ ሻንጣዋ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ስፒናው እዚህ ካለው ሶኬት ጋር ይገጥማል፣ ቮልቱም ተቀራራቢ ነው፣ እዚያ 230 እዚህ 220፤ የእንግሊዙን ሦስት እግር ካላመጣችሁ በስተቀር ማቀያየሪያ አያስፈልግም። አሮጌውን ለጎረቤቴ ለእትዬ በ9,000 ብር ሸጥኩላቸው።

አሁን ወደ ከረጢቱ ልምጣ።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት፣ ብልህ ነኝ ብዬ፣ ከአንድ ሱቅ 30 ከረጢት ገዛሁ። ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዛሬ ያያችሁበት ዋጋ ነገ አይገኝም፣ ስለዚህ ማከማቸት ልክ መሰለኝ። ልጁን «ለአዲሱም ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ለሁሉም ሞዴል ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት።

አይሆንም። የድሮው ከረጢት አንገት ላይ ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከአዲሱ በ3 ሚሊሜትር ይሰፋል። 3 ሚሊሜትር! ሁሉም ስለ ግራጫው ቀለም ሲያወራ፣ ስለ ማብሪያው ሲያወራ፣ ይቺን የጠቀሰ የለም። አዲሱ ክዳን ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ምላስ አለች፤ ትክክለኛው ከረጢት ካልገባ ክዳኑ እንዳይዘጋ የምትከለክል።

ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» እሺ፣ ግን የተሸጠልኝ ዕቃ የተባለውን አይደለም እኮ። እንደገና ግድግዳውን አሳየኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ያቺን ወረቀት እንደ ሕገ መንግሥት ነው የሚያሳዩዋችሁ። ለኩባንያው ጻፍኩ። በዘጠኝ ቀን መለሱ፣ በጣም በትህትና፣ ዋስትናው የሚሠራው ዕቃው በተገዛበት አገር መሆኑን ገልጸው በአቅራቢያዬ ያለውን የአገልግሎት ማዕከል እንድጎበኝ መከሩኝ። በአቅራቢያዬ ያለው በአውሮፕላን ነው የሚኬደው።

እዚህ ድረስ የሌላ ሰው ጥፋት ነው ማለት እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው።

ከማሽኑ ጋር አንድ ትክክለኛ ከረጢት ነበረው። እሱ እስኪሞላ ድረስ ተረጋግቼ ማሰብ እችል ነበር። አላሰብኩም። 30 ከረጢት ቁም ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ እያየኝ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ እሑድ ምላጭና ማስመሪያ ይዤ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አንገቱን ከሁለቱም ጎን ትንሽ ትንሽ ላጨሁት። ምላሷን ደግሞ ወደ ኋላ ገፍቼ በፕላስተር አሰርኳት። ክዳኑን ጫን ሳደርገው ቀጭ አለ። ያቺን «ቀጭ» ብትሰሟት! ለሚስቴ ጠርቼ አሳየኋት። እሷ «ምላሷን ያስቀመጧት ለምን ይመስልሃል?» አለችኝ። ነጋዴ ስለሆኑ ነው፣ የራሳቸውን ከረጢት ብቻ እንድንገዛ ነው አልኳት። ይሄን ስል ራሴን ጀግና አድርጌ ነበር።

ሁለት ወር ሠራ። ሠራ ነው የምለው፣ ይጮሃል፣ ይስባል። የሚገርመው የከረጢት መሙላት ምልክቱ ነው፤ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። አሮጌው በሦስት ሳምንት ቀይ ያሳይ ነበር። እኔም ካፌ ሄጄ «አዲሱ ሞዴል ከረጢት አይጨርስም፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ሄንሪ ይሄን ያደርጋል?» ብዬ ተመጻደቅኩ። ከላይኛው ፎቅ ሰውየው ሴራሚክ እያስቀየረ ስለነበር ደረጃው ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ እሱንም ሳብኩ፣ ኮሪደሩን ሁሉ፣ ለጎረቤት በጎ አድራጊ ሆኜ።

ጋሼ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። «የማይሞላ ከረጢት የለም ልጄ። አቧራው የት እየገባ ነው?»

ሳቅኩ። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ምልክቱ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ከረጢቱ ሲሞላ አየር ማለፍ ያቅተዋል፣ ያኔ ቀይ ይሆናል። አየሩ በከረጢቱ ጎን ማምለጫ ካገኘ ግን ምንም የሚያስጨንቀው ነገር የለም፤ እድሜ ልኩን አረንጓዴ ነው። ደቃቁን አቧራ የሚይዘው ሄፓ ፊልተርም ከዳኝ፣ ሥራውን በደንብ በመሥራቱ ነው የከዳኝ። ከሞተሩ በኋላ ስለሚቀመጥ ያመለጠውን አቧራ ሁሉ እሱ ያዘው፣ የሚወጣው አየር ንጹሕ ሆነ፣ እኔም ምንም አልሸተተኝም። መሀል ላይ ያለው ሞተር ብቻ ነው የበላው።

ቤት ደርሼ ሳልከፍተው፣ ሞኝነቴ፣ «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ብዬ አስነሳሁት። ድምፁ ተቀይሯል። ቀጭን ፉጨት አለው። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሽታ፣ ከዚያ ዝም። ክዳኑን ከፈትኩ። ከረጢቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ወደ አንድ ጎን ተጣጥፎ ተኝቷል፣ የላጨሁት አንገት ከመያዣው ወጥቷል። ዙሪያውን ግን ግራጫ ዱቄት ጢም ብሏል። ከሞተሩ በፊት ያለው ስስ ፊልተር ልስን ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ተሰበረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የቫኪዩም አምራቹ ዳይሰን ከስሶ የአውሮፓ ፍርድ ቤት የቫኪዩሞችን የኃይል ደረጃ ደንብ የሻረው ፈተናው በባዶ ማሽን ስለሚደረግ ነበር። ያን ወሬ ስንት ጊዜ ነው ካፌ ውስጥ በኩራት ያወራሁት። እኔ ራሴ ሁለት ወር ሙሉ በባዶ ከረጢት ስንጎራደድ ቆየሁ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጠጋኝ አለ፣ ወፍጮም ሚክሰርም የሚሠራ። ከፈተውና ዝም አለ። የጠጋኝ ዝምታ ከዋጋው በላይ ያስፈራል። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል፣ አንዱ ኩሽኔታ ሲሚንቶ በልቷል፣ የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል ግን እንደ ተአምር አልተቃጠለም። «ይሄን ማነው የላጨው?» አለኝ አንገቱን አንስቶ። አላውቅም አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሞተሩን ጎረቤቱ ካለው ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር አስነፋው፤ መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሮጠ። ይሄን ስታደርጉ የሞተሩን ማራገቢያ በእጃችሁ ያዙ፣ አለበለዚያ አየሩ ከልክ በላይ ያሽከረክረውና የተረፈውን ኩሽኔታም ይጨርሰዋል። ካርቦን የሌላ ማሽን አምጥቶ በሞረድ ልክ አደረገው። እሱ ሲሞርድ ልክ ነው፣ እኔ ስላጭ ስህተት፤ ልዩነቱ ዛሬም እየተዋጠልኝ አይደለም፣ ግን ይሠራል። ድምፁ የድሮው አይደለም። ትንሽ ያጉረመርማል።

አሁን ትክክለኛውን ከረጢት የአክስቴ ልጅ ሰው በመጣ ቁጥር ትልክልኛለች። ማኑዋሉ ቀይ ሲሆን ቀይሩ ይላል። አትስሙት። ሲሚንቶ ወይ የቁፋሮ አቧራ ከሳባችሁ ግማሽ ሳይሞላ ቀይሩ፤ ደቃቁ አቧራ የከረጢቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ሳይሞላም ይታፈናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ከሆነባችሁ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፣ ክፈቱና እዩ። ከረጢቱን አራግፎ መልሶ መጠቀም ግን፣ ሁላችንም እንደምናደርገው አውቃለሁ፣ ዚፕ ያለው የጨርቅ ካልሆነ በስተቀር ተዉት። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ስለ ቀለሙ አትከራከሩ። የከረጢቱን አንገት ፎቶ በማስመሪያ አስደግፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። አሮጌው የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር አትሽጡት።

27 ከረጢት ቀርቶኝ ነበር። ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ያዩኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በግድግዳው ማዶ አሮጌው ማሽኔ ሲነሳ ሰማሁ። 11 ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ አልስተውም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ ቀጠነ፤ ታፍኗል ማለት ነው። ከቁም ሳጥኑ አሥር ከረጢት ይዤ በሩን አንኳኳሁ። እትዬ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ከፈቱ።

«ምነው ልጄ፣ ጩኸቱ ረበሸህ?»

«የለም እትዬ፣ ከረጢቱ ሞልቷል። ልቀይርልዎት።»

ቀየርኩላቸው። ገባ፣ ቀጭ አለ፣ ያለ ምላጭ። ሳልወጣ በሩ ላይ ቆሜ «እትዬ፣ በ12,000 ብር መልሰው ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«ወይ ጉድ!» አሉ፣ ከረጢቶቹን ከእጄ እየተቀበሉ። «እኔ ምን በወጣኝ?»