በማን ስም ካርድ ይውጣ?

በእንስሳት ክሊኒክ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ካርድ የሚወጣው በባለቤት ስም ነው፤ ለሕክምናው የሚፈርመውም ሂሳቡን የሚከፍለውም ባለቤቱ ነው። ባለቤት የሌለው እንስሳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን በግልጽ የተጻፈ ነገር ስለሌለ፣ ጉዳዩ በዕለቱ ተረኛ በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው ንግግር የተነሣው በዚሁ ክፍተት ምክንያት ነው።

የጽዳት ሠራተኛችን ከመኖ መጋዘኑ የሙጫ ወጥመድ በሁለት እጆቿ ይዛ መጣች። ወጥመዱ ለአይጥ ተብሎ መብራት ሥር የተቀመጠ ነበር፤ መብራቱ ነፍሳትን ጠርቷል፣ ነፍሳቱ ሙጫው ላይ ቀርተዋል፣ እነሱን ሊበላ የወረደው፣ ጌኮ የሚባለው የቤት እንሽላሊትም በሆዱና በሦስት እግሮቹ ተጣብቋል። ጅራቱን ጥሏል፤ ጎኑ ግን በፍጥነት ይነሣና ይወርድ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ጋውናቸውን አውልቀው ሊወጡ ሲሉ ዐዩትና ቆሙ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከመጋዘኑ የመጣ ነው ዶክተር። በሕይወት አለ» አልኳቸው።

«እሱንማ ዐየሁ። በማን ስም ካርድ ልታወጣለት ነው?»

«በክሊኒኩ ስም ይውጣ፤ ወጥመዱን ያስቀመጠው ክሊኒኩ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለግድግዳ እንሽላሊት ካርድ ካወጣን ነገ ለዝንቡም ሊጠየቅልን ነው» ብለው ወጡ። ተለማማጆቹ ሳቁ። እኔን ያስከፋኝ ሳቁ አልነበረም። እኚህ ሰው በጠና ከታመመ ውሻ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው ሲያድሩ በዐይኔ ዐይቻለሁ፤ እጃቸው ርኅሩኅ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያ ርኅራኄ ከጠረጴዛው ማዶ የሚጨነቅ ባለቤት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው ያሳዘነኝ። የሚታመመው ግን እንስሳው ነው፤ ሥቃዩ ባለቤት ስለሌለው አይቀንስም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የጌኮ ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ መጎተት ማለት መግፈፍ ነው። የምግብ ዘይት በጥጥ እየነከርኩ፣ አፉንና አፍንጫውን እየጠበቅሁ፣ ከሙጫው ዳር ወደ ውስጥ በቀስታ ገባሁ። ጣቶቹን ያላቀቅኋቸው ከጫፋቸው ወደ ኋላ እያነሣሁ ነው፤ እርሱ ራሱ በግድግዳ ላይ ሲሄድ የሚያላቅቃቸው በዚሁ መንገድ ነውና። ዘይቱንም ወዲያው ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። የጌኮ ጣት የሚይዘው በሙጫ ወይም በመምጠጥ ሳይሆን፣ ከሥሩ ያሉት እጅግ ረቂቅ ፀጉሮች ከግድግዳው ጋር በሚፈጥሩት የሞለኪውሎች መሳሳብ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ በዘይት የተለበጠ ፀጉር ደግሞ ግድግዳውን በደንብ ሊነካ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ የእኔ ድርሻ ሆነ። ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ፣ ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት የሆነ የመስታወት ሳጥን አዘጋጀሁለት፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ወለሉን ንጹሕ ወረቀት አነጠፍኩ፤ የሚደበቅበትን የዛፍ ቅርፊትም አቆምኩለት። አንዱን ጎን ወደ 30፣ ሌላውን ወደ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አደረግሁት፤ እንዲህ ያለ እንስሳ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ቦታ በመለወጥ ነው። ምግቡ በሕይወት ያሉ፣ በሁለቱ ዐይኖቹ መካከል ካለው ርቀት የማይበልጡ ነፍሳት ናቸው፤ እነርሱም አጥንቱ እንዳይልም ካልሲየም ይነሰነስባቸዋል። ከውጭ የተያዘ ነፍሳት መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል አልሰጠሁትም። ተለማማጆቹንም ሳጥኑን በነኩ ቁጥር እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አሳሰብኩ፤ ጤነኛ የሚመስል ተሳቢ እንስሳ ሳልሞኔላ የተባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

አንድ ቀን ኃላፊው ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው፣ «ውኃው እንዳለ ነው፤ ይህ ፍጡር አይጠጣም እንዴ?» አሉኝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ መርጫውን አንሥቼ መስታወቱን ረጨሁ። እንሽላሊቱ ከቅርፊቱ ሥር ጭንቅላቱን አወጣ፤ አንዷን ጠብታ አተኩሮ ዐየና በሮዝ ምላሱ ላሳት፤ ቀጥሎም ምላሱን ወደ ላይ አጥፎ የራሱን ዐይን ጠረገ። የሚከደን የዐይን ቆብ የለውም፤ ዐይኑን የሚሸፍነውን ብርሃን አስተላላፊ ቆዳ የሚያጸዳው በምላሱ ነው። እንሽላሊቱ ያንን ደጋግሞ ሲያደርግ ዶክተሩ ቆመው ተመለከቱ። በመጨረሻ ያሉት «ሲድን ይለቀቅ» የሚል ብቻ ነበር።

በዚህ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ። ከዱር የመጣ ጤነኛ ጌኮ መኖሪያው ሳጥን አይደለም፤ አገግሞ ከተያዘበት ቦታ አጠገብ ሲመሽ መለቀቅ አለበት። የዚህኛው ነገር ግን ሌላ ሆነ። ጅራቱ ውስጡ የአከርካሪ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) የሆነ፣ አጠር ያለ ሌላ ጅራት ሆኖ በቀለለት፤ ሙጫው የጎዳቸው የሁለቱ የፊት እግሮቹ ጣቶች ግን ደርቀው ወደቁ። በመስታወት ላይ ሲሞክር ይንሸራተታል፤ በሻካራው ቅርፊት ላይ ብቻ ይወጣል። ግድግዳ መውጣት የማይችልን ጌኮ መልቀቅ ለድመት አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል፤ እየጠገበም ጅራቱ ወፍሯል፤ ስቡን የሚያከማቸው እዚያ ነው።

ካርዱ በመጨረሻ ወጥቷል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ማንንም ሳትጠይቅ በባለቤት ስም ቦታ ላይ «ክሊኒኩ» ብላ ጻፈች፤ ኃላፊውም ሳይቃወሙ ፈረሙበት። ወጥመዶቹ ግን ከመብራቱ ሥር ተነሥተው ከጆንያዎቹ ኋላ ከመቀመጣቸው በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ሙጫው ቀርቶ አይጥ ብቻ በሚይዝ ዝግ ሳጥን እንዲተካ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ማመልከቻዬ እስካሁን ፊርማቸውን አላገኘም።