ከላባ ኳስ እስከ ሳንድ ዌጅ

የጎልፍ ታሪክ ሲነሳ ሁሌም ቀድሞ የሚጠቀሰው የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 ጨዋታውን መከልከሉ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ወንዱ የቀስት ልምምዱን ትቶ ኳስ ሲያሳድድ ይውላል ተብሎ ነው። ወጉ ደስ ይላል፤ ዛሬ ሜዳ ላይ ለቆመ ተጫዋች ግን የሚጨምርለት ነገር የለም። እኔ ደጋግሜ የምመለሰው የድሮ ሰዎች ስለ ኳስና ስለ አሸዋ ወደተማሩት ነገር ነው። ለአዲስ ድራይቨር (ኳስን አርቆ ለመምታት ለሚያገለግለው ትልቅ ዱላ) የሚከፈለው ገንዘብ የማይፈታው ችግር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

እስከ 1840ዎቹ መጨረሻ ኳስ ማለት ላባ የታጨቀበት ቆዳ ነበር። የተቀቀለው ላባ እርጥብ እንዳለ በእርጥብ ቆዳ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅ ላባው ይነፋል፣ ቆዳው ይኮማተራል፣ ኳሷም ትጠነክራለች። ጎበዝ ሠሪ እንኳ በቀን ሦስት አራት ቢያወጣ ነው፤ ስለዚህ ውድ ነበረች፣ ዝናብ ካገኛት ደግሞ ስፌቷ ይለቃል። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ርካሽ ኳስ መጣች። በስኮትላንዷ ከተማ በሴንት አንድሩስ የላባ ኳስ ሠሪው አለን ሮበርትሰንና አብሮት ይሠራ የነበረው ቶም ሞሪስ የተለያዩት በእሷ የተነሳ ነው።

አዲሷ ኳስ ግን ልሙጥ ስለነበረች ስትመታ ቶሎ ትወድቅ ነበር። የሚገርመው፣ ዱላ ሲበዛባትና ስትቧጨር ርቃ መብረር ጀመረች። ሠሪዎቹም ገና ከመሸጧ በፊት በመዶሻ እየመቱ ያሸክሯት ጀመር። ሸካራ ገጽ አየሩን እስከ ኳሷ ጀርባ ድረስ አስጠግቶ ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ የሚጎትታት ባዶ ቦታ ይጠባል። ዛሬ የምናያቸው ከ300 እስከ 500 የሚደርሱ ጎድጓዳ ነጥቦች ሥራቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ጭቃ የደፈናቸው ነጥቦች ሥራ አይሠሩም። ጭቃው በግራ በኩል ከተለጠፈ ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፋለች፣ በቀኝ ከሆነ ወደ ግራ። ግሪን ላይ (ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ) ምልክት አስቀምጦ፣ አንስቶ መጥረግ ይቻላል። ፌርዌይ ላይ (ወደ ግሪኑ በሚወስደው የተከረከመ ሣር ላይ) ግን የዕለቱ የሜዳ ደንብ ካልፈቀደ አንስቶ መጥረግ አንድ ምት ያስቀጣል፤ ያለው ምርጫ ዓላማን ወደ ጭቃው ወገን ማዞርና ረጋ ብሎ መምታት ነው። ኮንክሪት አንድ ጎኗን የላጣት ኳስም ለልምምድ ትቅር። ጥቅም የሚሰጠው ዙሪያውን እኩል የሆነ ሸካራነት እንጂ አንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ወደ አሸዋው ልምጣ። በድሮ ጊዜ ከባንከር (አሸዋ ከሞላበት ጉድጓድ) ለመውጣት የሚያገለግለው ኒብሊክ የሚባል የብረት ዱላ የታችኛው ጠርዙ ስለታም ስለነበር አሸዋ ውስጥ ይሰነቀር ነበር። ፊቱ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ዱላም ተሞክሯል፤ ያ ግን በ1931 ታገደ። አሜሪካዊው ተጫዋች ጂን ሳራዘን ከኒብሊኩ ሥር ብረት በየደበትና የኋላው ጠርዝ ከፊተኛው ዝቅ እንዲል አደረገ። ሐሳቡ የመጣለት ከአውሮፕላን ጭራ እንደሆነ ራሱ ይናገር ነበር። በዚያ ዱላ በ1932 የብሪታንያን ኦፕን ውድድር አሸነፈ። ያ ቁልቁል የወረደ ሥር ዛሬ ባውንስ ይባላል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ዱላው ላይ በዲግሪ ተጽፎ ይገኛል። ለልል አሸዋ ከ12 በላይ፣ ለጠንካራ ወይም ለረጠበ አሸዋ ከ8 በታች ይሻላል።

ብዙዎቻችን ይህን ባውንስ ያለውን የአሸዋ ዱላ፣ ሳንድ ዌጁን፣ ገዝተን እንደ ኒብሊክ እንመታበታለን። መጀመሪያ የዱላው ፊት ይከፈታል (ወደ ሰማይ እንዲያይ ይዞራል)፣ ከዚያ በኋላ እጀታው ይያዛል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ይዞ እጅን በማጠማዘዝ ከተከፈተ፣ በምቱ ሰዓት እጅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፊቱም አብሮ ይዘጋል፤ ጠርዙም ይቆፍራል። ኳሷ በፊተኛው እግር ተረከዝ ትይዩ፣ ክብደት ትንሽ ወደ ፊተኛው እግር፤ የሚመታው ከኳሷ 5 ሴንቲሜትር ያህል ኋላ ያለው አሸዋ ነው። ዱላው አሸዋ ውስጥ መቆም የለበትም፤ አብዛኛው ምት የሚከሽፈው ተጫዋቹ ፈርቶ መሃል ላይ ስለሚያቆመው ነው። ኳሷ ከተቀበረች ግን መቆፈሩ ስለሚፈለግ ፊቱን ሳይከፍቱ ወደ ዒላማው ቀጥ ማድረግ ነው።

ስለ ዱላ ብዛት አጭር ነገር ልበል። የ14 ዱላ ገደብ አሜሪካ ውስጥ የጸናው በ1938 ነው፤ ከዚያ በፊት አሜሪካዊው ተጫዋች ሎውሰን ሊትል ከ20 በላይ ይዞ ይወጣ ነበር። ገደቡ ላይ መድረስ ግን ግዴታ አይደለም። ፓተር (ግሪን ላይ ኳስ የሚገፋበት ዱላ)፣ ሳንድ ዌጅ፣ 9፣ 7 እና 5 ቁጥር የብረት ዱላዎች እና አንድ ሃይብሪድ (የብረትና የእንጨት ዱላ ቅይጥ) ብቻ ይዞ 18 ጉድጓድ መጫወት ከባድ ቦርሳ የማያስተምረውን ያስተምራል። በ7 እና በ9 መካከል ያለ ርቀት ሲገጥም 7ቱን ከእጀታው 3 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጎ መያዝና ወደ ኋላ የሚሳበውን ዱላ ትከሻ ላይ ሳይደርስ ማስቀረት ይበቃል፤ ጉልበት መቀነስ ግን አያዋጣም፣ ዱላው መንገዱን ይስታል።