ዋርካችን ሥር የተተከለው ችካል

ማክሰኞ ጠዋት ከሰፈራችን ዋርካ ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አየሁ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እዚያ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሊያሠራ ነው አሉ። የጠየቀን ሰው የለም።

ሰፈራችን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም አይርቅም። ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግቢው ማንጎና ዘይቱን። እድራችን የሚሰበሰበው ዋርካው ሥር ነው። ሽማግሌ የሚያስታርቀውም እዚያው።

ጎረቤቴ እማማ ችካሉን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ለአባትሽ ለቅሶ ድንኳን የጣልነው እዚሁ አልነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እንባዬ መጣ።

ሕንፃ አንጠላም። ግን የዚህ ሁሉ ፎቅ ፍሳሽ ወዴት ሊሄድ ነው? ቁልቁለቱ ወደ ሐይቁ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዳር ዳሩን ያለው ደንገል ውሃ ያጣራል፣ ዓሣ ይጠለልበታል፣ ታንኳም ይሠራበታል። እሱ ላይ ቆሻሻ መልቀቅ ያሳዝናል።

ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ወረቀቱ አናት ላይ የእማማ የጣት አሻራ አለ። ቅዳሜ ከእድር በኋላ ይዘነው እንሄዳለን።