ይህ ልጅ እንዳይሰጥም

ለሁለት ሳምንት ያህል ስልኬ በጠራ ቁጥር እኔኑ ይሰድበኝ ነበር። ስድቡን የጫንኩት ራሴ ነኝ። እንዳያመልጠኝ ብዬ ድምፁንም እስከ ጥግ ከፍቼው ነበር።

የነገሩ ሥር እንግሊዝኛ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ማታ ማታ እማራለሁ። ቀን ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ እውላለሁ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ኤሴይ ነፍሱ ነው። ወረቀትህ መግቢያ ላይ ቴሲስ ስቴትመንት፣ ማለትም የምትከራከርለትን ዋና ሐሳብ የምትናገር ዓረፍተ ነገር፣ ከሌለው ሁለተኛውን ገጽ አይገልጠውም። «ኤቪደንስህ የታለ?» የምትል ነገር አለችው። ሰላም ብትለው እንኳ ኤቪደንስ የሚጠይቅህ ይመስላል።

ሥራው ይህ ነበር፤ ከቋንቋ፣ ከሥነ ጽሑፍ ወይም ከሚዲያ አንዱን ምረጡ፣ ማስረጃውን ከምትኖሩበት ከተማ አምጡ፣ 800 ቃል ጻፉ። ከ30 ይያዛል። «ከኢንተርኔት የተገለበጠውን በጠረኑ አውቀዋለሁ» አለና ወጣ።

የክፍሌን ልጆች አውቃቸዋለሁ። ርዕሱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ይቆረቁራሉ። ስለ ስልክ ሱስ ጻፉ ተብለን እንኳ ሦስት ልጆች በግንቡ በር በኩል ገብተዋል። እኔ ግን የተለየሁ ነኝ ብዬ አሰብኩ። አዝማሪን መረጥኩ። ቋንቋም አለበት፣ ግጥምም አለበት። ጋዜጣና ሬዲዮ ሳይመጡ ሹመቱንም፣ ሽሙጡንም፣ ሐሜቱንም ከደጅ ደጅ ያዞር የነበረ ሚዲያ ነው። በአንድ ድንጋይ ሦስት ወፍ። «አዝማሪ እንደ ሚዲያ» ብዬ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ስጽፍ፣ እውነቴን ነው፣ ተነስቼ በመስታወት ራሴን አየሁ።

ዝግጅቴ የዋዛ አልነበረም። ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ እኛ አገር መጽሐፍ ሲያሳትም ርዕሱን ሰምና ወርቅ ብሎታል። እሱን ጠቀስኩ። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም እንደሚሠራ፣ በጭቃ እንደሚለብጠው፣ ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ በባዶው ቦታ ወርቅ እንደሚሞላ ጻፍኩ። ግጥሙም እንደዚያው ነው፤ ላይ ላዩን የምትሰማው ሰሙ ነው፣ ሰሙ ሲቀልጥ የሚቀረው ወርቁ። ቀጥዬ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባለውን እንግሊዛዊ አመጣሁ። እሱ በ1936 እ.ኤ.አ. ዘይቤን ለሁለት ከፍሎ፣ ተሸካሚውን ምስል «ቪሂክል»፣ የተሸከመውን ሐሳብ «ቴነር» ብሎታል። በዚያው ዓመት ጣሊያን ጎንደር ገብቷል። ይህ ከሪቻርድስ ጋር ምንም አያገናኘውም። እኔ ግን አስገብቼዋለሁ፣ ቃሉ አልሞላልኝም ነበር።

እዩልኝ እንግዲህ። ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ከአሜሪካም ከእንግሊዝም ምሁር አስመስክሬ ነው አዝማሪ ቤት የገባሁት።

ፒያሳ አካባቢ ካሉት አንዱ ነው። በሩ አጠገብ ጥግ ላይ ያለች በርጩማ ያዝኩ። ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፣ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ቢራ አዘዝኩ። ለጥናት ነው የመጣሁት፣ ለመጠጣት አይደለም። አንዷን ጠርሙስ እንደ ጠበል በጉንጭ በጉንጭ እየለካሁ ሦስት ሰዓት ቆየሁባት።

አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይዞራል። ጃኬት የለበሰውን ሰውዬ ከነዘሩ አወደሰው፤ ሰውዬው ሃምሳ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አንዱ ሞቅ ያለው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይነግረዋል፣ እሱ ይቀበላል፣ ብር ይለጠፋል። እኔ እጽፋለሁ። «ፐርፎርመሩ ከኦዲየንሱ ጋር ኢንተራክት ያደርጋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

ደብተሬን አየ። ስልኬን አየ። ቢራዋንም አየ፣ እሷን እንኳ ረዘም አድርጎ ነው ያያት። ማሲንቆውን አንዴ ገዝገዝ አደረገና እንዲህ አለ፦

ዕውቀትማ ባሕር ነው፣ ስንቱን ጀግና ይውጣል፣
ይህ ልጅ እንዳይሰጥም፣ ከዳሩ ተቀምጧል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ጭኑን መታ። አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንፈራፈረች። እኔም ደስ አለኝ። የደስታ ሳቅ ነው የመሰለኝ። ተማሪ የሚያከብር ሕዝብ አልኩ በልቤ። እጄን አነሳሁና «ድገመው!» አልኩ።

ደገመው። ቤቱ እንደገና ፈረሰ። ሦስተኛም አስደገምኩት፣ ቀረጻው ጥርት እንዲል። ከዚያ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩለት። ብር አልሰጠሁትም። ለዕውቀቴ የተሰጠኝን ክብር በገንዘብ መመለስ ነውር መሰለኝ።

ቤት ገብቼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጻፍኩ። ስንኙን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ ዕውቀት ጥልቅ ባሕር ነው፣ ጀግኖችን ውጧል፣ ይህ ወጣት ግን እንዳይሰምጥ በጥንቃቄ ከዳርቻው ተቀምጧል። ባሕሩ ቪሂክል፣ ዕውቀት ቴነር። «አዝማሪው ትምህርትን የሚያከብር የሕዝብ ድምፅ ነው» የምትል ቴሲስ አቆምኩ። ማስረጃዬ እኔው ራሴ ሆንኩ። ይህ የክፍላችን ልጆች ያልደረሱበት ከፍታ ነው።

ከዚያም ስንኟን ቆረጥኩና የስልኬ መጥሪያ አደረግኳት።

አብሮኝ የሚከራየው ልጅ መጀመሪያ ሲሰማት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ብርድ መስሎኝ ነበር። ሲረጋጋ «አሪፍ ናት፣ እንዳትቀይራት» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከማራኪ ወደ ፒያሳ ባጃጅ ተሳፍሬ ስልኬ ጠራ። ስንኟ ሙሉ በሙሉ ወጣች። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ሒሳቡን አሁኑኑ ብትሰጠኝስ?» አለ። ሌሎቹን ሁለት ተሳፋሪዎች አልጠየቀም።

እሁድ አዘዞ አክስቴ ጋ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስልኬ እዚያም ጠራ። አክስቴ ጀበናዋን እንደያዘች ቆም አለች።

«ማን ነው የገጠመልህ?»

«አዝማሪ ነው፣ እታባ።»

«ስንት ሰጠኸው?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ልክ ነው» አለችና መቅዳቷን ቀጠለች። ግጥሙን ያደነቀች መስሎኝ እንደገና አሰማኋት።

ወረቀት የሚመለስበት ማታ መምህራችን የእኔን ለብቻው ይዞ ገባ። «ዛሬ አንድ ኤሴይ ጮክ ብለን እናነባለን» አለ። ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሌቪንን አነበበ፣ ሪቻርድስን አነበበ። ጣሊያን ጎንደር ሲገባ ቅንድቡን አነሳ እንጂ ምንም አላለም። ስንኙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ኤቪደንሱ አለህ?»

«አለኝ፣ ቲቸር። ሪንግቶኔ ነው።»

አንዱን ልጅ ደውልልኝ አልኩት። ደወለ። ስልኬ አዜመ።

መጀመሪያ የሳቀው ከደባርቅ የመጣ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ቆሎ ተማሪ የነበረ ነው፣ ቅኔ ጀምሮ ነው ያቋረጠው። ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ከዚያ ሳቁ ወንበር ከወንበር እየተላለፈ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ የሚስቅበት ስላጣ። ዙሪያዬን ብመለከት የማይስቅ እኔ ብቻ ነኝ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፈ። ሰጠመ። ሰጠ።

«እንዳይሰጥም ካልክ፣ ሰጠመ ከሚለው ብታመጣው፣ ባሕሩ ውስጥ እንዳይገባ ማለት ነው። ሰጠ ከሚለው ብታመጣውስ? እንዳይሰጥ። ም ጨምርበት። እንዳይሰጥም። ለመሆኑ ከዳሩ ማለት የባሕሩ ዳር ነው የቤቱ? የት ነበር የተቀመጥከው?»

«በሩ አጠገብ» አልኩ። ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣም።

ለመከራከር ሞክሬ ነበር እኮ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፣ «ገና» ብለህ ስትጽፍ በዓሉን ይሁን ጊዜውን አንባቢው ነው የሚለየው፣ የእኔም ስህተት እንደዚያ ያለ ነው አልኩ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ይኼኛው የሚጠብቅም የሚላላም የለው፣ በጽሑፍም በአፍም አንድ ነው። ልዩነቱ ያቺ «ም» የቃሉ ሥር ናት ወይስ ጭማሪ የሚለው ነው። በአንዲት «ም» ነው የተንጠለጠልኩት። ሦስት ሰዓት በአንድ ቢራ የተቀመጥኩትን፣ ሰባራ ሳንቲም ያልለጠፍኩትን፣ ያንን ሁሉ ሰው ፊት «ድገመው!» ያልኩትን አስቡት።

ወረቀቴ ላይ 11 ከ30 ተጽፏል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ግራመርህ ጥሩ ነው። ቴሲስህ ግን ሰጥሟል» ይላል። እንደገና ለመጻፍ አንድ ሳምንት ተሰጠኝ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ሰሙንም ወርቁንም የሚይዝ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማምጣት።

ቤት ስገባ አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ ያዝኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«የኪራይ ድርሻህን ባላመጣህበት ወር ነው የጫንካት እኮ» አለ። «ለእኔ ያወጣኸው ማስታወቂያ መስሎኝ።»

እንግሊዝኛዋን መፈለግ አራት ሌሊት ፈጀብኝ። መስመጥና መስጠት በእንግሊዝኛ አይተዋወቁም። መዝገበ ቃላቱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አመስኩት። አንድ ማታ ሱቅ ስዘጋ ደንበኛ መልሱን ትቶልኝ «ቲፕ ነው» ብሎ ሄደ። ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካሁ ቆምኩ። ቲፕ! ጉርሻም ቲፕ ነው፣ ጀልባ አዘንብሎ ሲገለበጥም እንግሊዞቹ ቲፕ ይሉታል። ሁለቱንም በአንድ ቃል። ሰውየውን ጀልባ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቲፕ እንዳያደርግ ከዳር ከዳር ይቀዝፋል ብዬ ጻፍኩ። አልሰጠመም፣ አልሰጠም። ያን ለሊት ከአዝማሪው እኩል የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው እኔን አራት ሌሊት የፈጀብኝን እሱ ቢራዬን አይቶ እስኪጨርስ ነው ያወጣው።

ሁለተኛው ኤሴይ 26 አገኘ። መምህሩ ጣሊያንን አስወጥቶታል፣ አራቱ የተቀነሰው በእሱ መሰለኝ።

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ መሃል ተቀመጥኩ። ደብተር አልያዝኩም። አዝማሪው ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ፣ አውቆኛል። አፉን ሳይከፍት ተነስቼ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ አወደሰኝ። አንበሳ ነህ አለኝ፣ የእናትህ ልጅ አለኝ፣ የጎንደር ፈርጥ አለኝ።

እኔ ግን ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ፈርጥ ምንድን ነው? ፈረጠጠ ከሚለው ይሆን? አንበሳስ አንበሳ ብቻ ነው? ቃል በቃል ሰነጠቅኩት፣ ምንም አጣሁ። ከጎኔ ብርሌ ይዘው ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋ አልኩ።

«አባቴ፣ ወርቁ ምን ላይ ነው ያለው?»

ጠጃቸውን ጎንጨት አሉና ወደ አዝማሪው በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«የዛሬው ሰም ብቻ ነው፣ ልጄ። ወርቁንማ አንተው ግንባሩ ላይ ለጥፈኸዋል።»