በመስኮት የመለስናቸው ሰዎች

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ፖስታ ቤት ነው የምሠራው። በቅርቡ ከበላይ አንድ ገምጋሚ መጣ። የቴምብር ሽያጩንና የሳጥን ኪራዩን አገላብጦ "ይሄ ቅርንጫፍ ወጪውን አይችልም፣ ቢዘጋ ይሻላል" አለን። ዘመኑ የደብዳቤ አይደለም፣ የዴንማርክ ፖስታ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደል አቁሟል አለ። እውነቱን ነው። እሱ እያወራ እያለ አንድ ነጋዴ መጥቶ የሳጥኑን ቁልፍ መለሰ፤ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ይመጣልኛል፣ ኪራዩን ለምን ልክፈል ብሎ።

ቀጥሎ አንድ አባት ተጠጉ። ከወንበርማ በኩል በአይሱዙ ተጭነው ነው የመጡት። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፣ ውጭ አገር ያለች የልጃቸው የትምህርት ማስረጃ ነው።

"በስልክ ፎቶውን ልከንላት ነበር ልጄ። ዋናው ካልመጣ አሉ። በአደራ ላክልኝ።"

መዘንኩት፣ ማኅተም መታሁበት፣ ደረሰኝ ቆረጥኩላቸው። ደረሰኙን በዚያው ፌስታል መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ "ትንሽ በርበሬስ ይላክልኛል?" አሉኝ። በርበሬ ከሚበቅልበት አገር መጥተው ሌላ ምን ሊልኩላት! ግን የእኛ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ የሚሄድ ጥቅል አይቀበልም። ባሕር ዳር ይሂዱ አልኳቸው። አንጀቴን በሉት።

አብራኝ የምትሠራዋ እህት ይሄኔ ከመሳቢያዋ ደብተር አወጣች። እሺ ሳንል የመለስነውን ሰው ሁሉ ስትጽፍ ነው የከረመችው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጋቢ፣ የወፍጮ መለዋወጫ፣ አሁንም በርበሬ። "ይሄንንም ይዩልን" ብላ ለገምጋሚው ሰጠችው። ቆሞ ጀመረው፣ ወንበር ስቦ ጨረሰው። እሱ የያዘው ፎርም የሸጥነውን እንጂ የተጠየቅነውን የሚጽፉበት ቦታ የለውም።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ "ከሰረ" ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ሒሳቡ ውስጥ ምን ገባ፣ ምን ቀረ ብዬ ነው። የአሜሪካ ፖስታ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሕግ ለወደፊት ጡረተኞቹ ሕክምና በዓመት 5 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ ተገድዶ ነበር። ደብዳቤው መቀነሱ አልቀረም፣ ግን ለዓመታት ከተወራው ኪሳራ ብዙው የመጣው ከዚህ ግዴታ ነው፤ በ2022 ተነሣለት። የጣሊያን ፖስታ ደግሞ በዚያው ደብዳቤ በሚቀበልበት መስኮት ቁጠባና ኢንሹራንስ እየሸጠ ያተርፋል።

የእኛ መስኮትም አለ፣ ሚዛኑም አለ፣ ሰዉም ያምነናል፤ ሰው የልጁን ዋና ማስረጃ አምኖ የሚሰጠው ለማንም አይደለም። ገምጋሚው የደብተሩን ገጾች በስልኩ አንስቶ ሄዷል። መልስ ገና አልመጣም። የምንለምነው ለአንድ ዓመት ጥቅል እንድንቀበል እንዲፈቀድልን ነው፣ ሰኞና ሐሙስ ብቻም ቢሆን። ያኔም ወጪያችንን ካልሸፈንን ይዘጋ።